12 ኢንች በሽታ አይደለም

የድሮ ተማሪዎቼ፣ "ጌጁ 12 ላይ ነው፣ ፋሻው አልቋል" ብላችሁ ቴስታታ ለማውረድ አትቸኩሉ። መጽሐፉ የሚለው ከ17 እስከ 21 ኢንች ለባሕር ጠረፍ ነው። ቫኪዩም ጌጅ የሚለካው የውጭው አየርና የማኒፎልዱ ግፊት ልዩነት ነው፤ እኛ ጋ የውጭው አየር ራሱ ስስ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ 1 ኢንች ገደማ ቀንሱ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ወደ 8 ኢንች ይቀነሳል። ይጁቤም ብዙ አትርቅም።

ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌዋን ጠባይ እዩ። ከረጋች ሰላም ነው። በእኩል ምት ዝቅ እያለች ከተመለሰች ቫልቭ ጠርጥሩ። ረግታ ግን ከልኩ ካነሰች መጀመሪያ አየር የሚያስገባ ቱቦ ፈልጉ፣ ቀጥሎ ታይሚንግ። ያለ ምክንያት የተከፈተ ሞተር የሰው ጥሪት ይበላል።