የጥፍር ፈንገስና የሚዋጠው ክኒን



የእግር ጥፍሩ ወፍሮ፤ ቢጫ ሆኖ መፈርፈር ሲጀምር በካልሲ ሸፍኖ ዝም የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው ብዙ ነው። ሲብስበትም ከባልደረባው የተረፈውን ክኒን ተቀብሎ ይውጣል። በእኛ በመምህራን ዘንድ እንኳ ይህን አያለሁ። ልማዱ ቢቀር መልካም ነው እላለሁ።

አንደኛ፤ የተበላሸ ጥፍር ሁሉ ፈንገስ የያዘው አይደለም። ጠባብ ጫማና አንዳንድ የቆዳ በሽታም ጥፍርን ያበላሻሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ከጥፍሩ ተቆርጦ በላቦራቶሪ ሊመረመር ይገባል።

ሁለተኛ፤ ሐኪሞች አብዝተው የሚያዙት ቴርቢናፊን የተባለውን ክኒን ነው። አዋቂ ሰው በቀን 250 ሚሊግራም፤ ለእጅ ጥፍር 6፤ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት ይወስዳል። ነገር ግን አልፎ አልፎ ጉበትን ስለሚጎዳ፤ የጉበት ሕመምተኛ ሊወስደው አይገባም፤ ሌላውም ከመጀመሩ በፊት ደሙን ያስመርምር። ኬቶኮናዞል የተባለውንማ ክኒን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ ጉበት ጉዳቱ ሲል ለፈንገስ ሕክምና እንዳይሸጥ በ2013 እ.ኤ.አ. መክሯል።

ሦስተኛ፤ ክኒኑ ፈንገሱን ይገድላል እንጂ የተበላሸውን ጥፍር አያቀናም። ጤናማው ጥፍር ከሥር አድጎ እስኪተካው እስከ 18 ወር ሊፈጅ ይችላል። በወሩ ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቋረጥ ድካምንና ገንዘብን ከንቱ ማድረግ ነው።

ባለመድኃኒት ቤቶችም ማዘዣ ሳያዩ ባይሸጡ ትልቅ ውለታ ነው። ለጥፍር ሲባል ጉበትን መያዣ መስጠት ብልህነት አይደለምና።


አንድ መምህር