ባለቤቱ ያልጮኸለትን…

ጋርላንድ ውስጥ አፓርትመንት የሚፈልግ ወገን በስልክ «ባዶ ቤት አለን፣ ይምጡ» ተብሎ ሲሄድና መልኩ ሲታይ «አሁን ተያዘ» ቢባል፣ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው አንገቱን ደፍቶ መመለስን ነው። «የሰው አገር ነው፤ ምን ይደረጋል!» ይላል። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በመብት ጉዳይ ግን ዝምታም ይነቅዛል።

ሕጉ እንዲህ ያለውን አድራጎት ከከለከለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.፣ የቴክሳሱ ተወላጅ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት ሕግ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ምክንያት ቤት መከልከልን አገደ። በ1988 ልጆች ያሉትን ቤተሰብና አካል ጉዳተኛን ጨመረ። ሕጉ የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ፍሬ ነው፤ ዘግይቶ የመጣው ስደተኛም በዚያው ጥላ ሥር ተጠልሏል።

ይሁንና ሕግ ብቻውን በር አይከፍትም። ለዚህ ምስክሯ እዚሁ ዳላስ ካውንቲ ያለችው ፋርመርስ ብራንች ናት። ከተማይቱ በ2006 የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው አፓርትመንት እንዳይከራይ ደንብ አወጣች፤ በ2008 ደግሞ ተከራይ አስቀድሞ ከከተማው ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሌላ ደንብ አስከተለች። ተከራዮችና አከራዮች ከሰሱ። ሙግቱ ዓመታት ፈጀ። በ2013 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደንቡን ውድቅ አደረገ፤ በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የከተማይቱን አቤቱታ አልቀበልም ሲል ነገሩ አከተመ። በዚያ ሙግት የጮኹት በአብዛኛው የላቲን አሜሪካ ልጆች ነበሩ፤ ፍሬው ግን ለሁሉም ስደተኛ ተረፈ።

አከራይ ገቢንና ክሬዲትን መጠየቅ ይችላል፤ ለአንዱ አንድ፣ ለሌላው ሌላ መስፈሪያ መያዝ ግን አይችልም። በደል የደረሰበት ሰው ቀኑን፣ ያነጋገረውን ሠራተኛ ስምና የተባለውን ቃል በዚያው ዕለት ይጻፍ፤ ማስታወቂያውንና ደረሰኙን አይጣል። ሃድ ለሚባለው የፌዴራል ቤቶች መሥሪያ ቤት አቤቱታ የሚቀርበው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያለ ክፍያ ነው፤ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሁለት ዓመት አለ። አቤት ያለን ሰው መበቀልም በሕጉ የተከለከለ ነው። እንግሊዝኛው የከበደው በልጁ ወይም በወዳጁ ያስጽፍ።

ባለቤቱ ያልጮኸለትን ጎረቤት አይጮኽለትም። ፋርመርስ ብራንች ላይ ጎረቤት ጮኾ ነበር፤ ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይገኝም።