ልጃችሁ «ለአንድ ዓመት አውስትራሊያ ሄጄ ልሥራ» ካለ

በዚህ ወር ስለ ምግብ አልጽፍም። ባለፉት ሁለት ወራት ብቻ ሦስት ወላጆች ሒሳብ ሲከፍሉ ቆም ብለው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ልጄ ዎርኪንግ ሆሊደይ የሚሉት ቪዛ አውጥቼ አውስትራሊያ ልሂድ እያለኝ ነው፤ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» እኔን ለምን እንደሚጠይቁኝ ገብቶኛል። እኛ ጋ በአስተናጋጅነት ከሠሩት ልጆች ሁለቱ በዚሁ ቪዛ ሄደው ሠርተው ተመልሰዋል። ፎርሙንም የሞሉት እዚሁ ቤታችን፣ ገበያ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት፣ ጥግ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ነው።

ከሦስቱ ወላጆች አንዷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔ የሆቴል ክፍል ሳጸዳ ኖሬ ኮሌጅ ያስጨረስኳት ልጅ አገር አቋርጣ እንጆሪ ልትለቅም?» አለችኝ። ይሄን ስሜት ቀልድ አድርጎ የሚያልፍ ሰው አይግባኝ። እኛ ከአገራችን ስንወጣ የመመለሻ ቀን የለንም። ለዚህም ነው ልጅ «ልሂድ» ሲል እንደ ስደት የሚሰማን። ቪዛ ሲባልም ትዝ የሚለን ኤምባሲ በር ላይ በሌሊት የያዝነው ሰልፍ፣ ከዘመድ ተበድረን ለባንክ ማሳያ ያስገባነው ገንዘብና መስኮት ውስጥ ያለው ሰውዬ ፊት ነው። የልጆቻችን ቪዛ ግን ሌላ ነው። ሶፋ ላይ ተቀምጠው በኮምፒዩተር የሚሞሉት፣ ብዙ ጊዜም ቃለ መጠይቅ የሌለው ነገር ነው። ስለዚህ «አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት ነገሩን እንየው።

ነገሩ በአገሮች መካከል የተደረገ ስምምነት ነው። ወጣቶች አንዱ ወደ ሌላው አገር ሄደው እስከ አንድ ዓመት እየዞሩ አገር ያያሉ፤ ለጉዟቸው የሚሆናቸውን ገንዘብም እዚያው ሠርተው ያገኛሉ። አውስትራሊያ ይህን የጀመረችው በ1975 ነው። አሜሪካ ከአውስትራሊያ ጋር የተስማማችው ግን በ2007 ነው። የአሜሪካ ልጆች የሚያመለክቱበት ቪዛ ቁጥሩ 462 ሲሆን የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ 417 ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ የአንዱን መመሪያ አንብቦ የሌላውን ፎርም የሚሞላ ሞልቷል። ሁለቱም መኖሪያ ፈቃድ አይደሉም፣ ወደ መኖሪያ ፈቃድም በራሳቸው አያደርሱም። ቤተሰብ መጥሪያም አይደሉም። ልጅ ያለው ሰው ልጁን ይዞ መሄድ አይችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ፓስፖርት። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። የሚታየው የሚኖሩበት አገር ሳይሆን የያዙት ፓስፖርት ነው። ግሪን ካርድ አያገለግልም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በስምምነቱ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዱባይ ወይም ሪያድ አሥር ዓመት የኖረ ዘመድ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ «እኔስ?» ቢላችሁ ተስፋ አትስጡት። እንዲያውም «በዎርኪንግ ሆሊደይ አውስትራሊያ እናስገባለን» ብሎ ከዘመዳችሁ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ካለ ሌባ ነው፣ ነገሩን ሳታለሳልሱ ንገሩት።

አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች አንድ ነገር ልጨምር። እናት ወይም አባት ዜግነት ሲያገኙ፣ ልጁ ገና 18 ካልሞላው፣ ግሪን ካርድ ካለውና አሜሪካ ውስጥ ዜጋ በሆነው ወላጅ አሳዳጊነት አብሮ የሚኖር ከሆነ፣ ልጁም በሕግ ዜጋ ይሆናል። ይህ ሕግ ከ2001 ጀምሮ አለ። ብዙ ወላጅ ግን ቃለ መሐላ ፈጽሞ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅልና የልጁን ፓስፖርት ሳያወጣ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁም 22 ዓመት ሞልቶት «እኔ ግሪን ካርድ ነኝ» እያለ ይዞራል፤ ዜጋ ሆኖ ሳለ! እባካችሁ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱና እዩ። አውስትራሊያ ባይሄድም ይጠቅመዋል።

ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ነው። ሠላሳ ዓመቱን እንደያዘ፣ 31 ሳይሞላ ማመልከት አለበት። ቪዛው ከተሰጠው በኋላ ለመግባት 12 ወር ጊዜ አለው፤ ስለዚህ በ30 ዓመቱ አመልክቶ በ31 ዓመቱ ቢገባ ችግር የለም። የእንግሊዝ፣ የአየርላንድ፣ የፈረንሳይ፣ የጣሊያን፣ የዴንማርክና የካናዳ ፓስፖርት የያዙ ልጆች እስከ 35 ይፈቀድላቸዋል። ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ጀርመንና ሆላንድ ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ግን እንደ እኛዎቹ እስከ 30 ናቸው። መቼም የእኛ ሰው የልደት ቀን ጣጣ አያልቅም፣ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ ሰው ጃንዋሪ 1 ተወልዷል። የሚቆጠረው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን ነው፤ «እውነተኛው ዕድሜዬ በሁለት ዓመት ያንሳል» የሚል ክርክር የትም አያደርስም።

ስምም እንዲሁ። ፎርሙ ሌላ የተጠሩበት ስም ካለ ይጠይቃል። በድሮ ወረቀት ላይ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ፣ በኋላ ዜግነት ሲወሰድ የአባት ስም ተቀይሮ ከሆነ ሁለቱንም ይጻፍ። አንድ ፊደል ቢለያይም ይጻፍ። ልጁ ፖሊስ ጋ የደረሰ ጉዳይ ኖሮት ከሆነም ይናገር፤ ሰክሮ ሲነዳ ተይዞ ከነበረ ለእናቱ ባይነግራትም ለፎርሙ መንገር አለበት። ትንሽ ጥፋት ብዙ ጊዜ ቪዛ አያስከለክልም፣ መደበቅ ግን ለዓመታት ሊያስከለክል ይችላል። ገንዘብም እንደዚያው ነው። ለመነሻ ወደ 5,000 የአውስትራሊያ ዶላርና የመመለሻ ቲኬት ወይም የቲኬቱ ዋጋ እንዳለው እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይችላል። የለመድናትን «ለአንድ ሳምንት አስገባልኝና ትመለሳለች» አትሞክሯት። ገንዘቡ እኮ የሚያስፈልገው ለቢሮው ሳይሆን ለልጁ ነው፤ ሥራ ሳያገኝ የሚያልፉትን ሳምንታት የሚበላው እሱን ነው።

የማመልከቻው ክፍያ ከ600 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ነው፣ ቢከለከልም አይመለስም። ዋጋው ብዙ ጊዜ በጁላይ ስለሚጨምር በዚያው ቀን ያለውን የመንግሥቱን ገጽ ይይ። የመጀመሪያውን ቪዛ የሚያመለክተው ከአውስትራሊያ ውጭ ሆኖ ነው። ከአሜሪካ የሚያመለክት ቢያንስ ሃይስኩል የጨረሰ መሆን አለበት። ባለፉት ዓመታት አዲስ አበባ ሄዶ አያቱ ጋ ከሦስት ወር በላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ የደረት ራጅ እንዲነሳ ሊጠየቅ ይችላል፣ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነው፤ አትደንግጡ። ለዚህ ሁሉ ኤጀንት አያስፈልግም። ኤጀንት ከተባለ ሰው ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ፎርሙን አብራችሁ ብታነቡ ይሻላል።

ቀጥሎ ወደማውቀው ነገር፣ ወደ ሥራው። አውስትራሊያ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት ከ24 ዶላር በላይ ነው፣ በራሳቸው ዶላር። ቋሚ ላልሆነ፣ «ካዡዋል» ለሚሉት ሠራተኛ ደግሞ 25 በመቶ ይጨመርበታል። እዚህ አስተናጋጅ የሚኖረው በቲፕ ነው፤ እዚያ ቲፕ እምብዛም ነው፣ ደመወዙ ራሱ ነው የሚያኖረው። መጠጥ የሚቀዳና የሚያቀርብ ልጅ አጭር ኮርስ ወስዶ ሰርተፊኬት መያዝ አለበት። ቡና ላይ ደግሞ ቀልድ የላቸውም፣ ማኪያቶ መሥራት የሚችል ልጅ ሥራ አያጣም። ከመሄዱ በፊት እዚህ አንድ ካፌ ውስጥ ጥቂት ወራት ቢሠራ ገንዘቡንም ሙያውንም ይዞ ይሄዳል።

በአንድ አሠሪ ዘንድ መሥራት የሚቻለው በአብዛኛው እስከ ስድስት ወር ነው። ቪዛው ላይ ሁለተኛ ዓመት ለመጨመር የሚፈልግ ደግሞ በአብዛኛው በተለዩ አካባቢዎች፣ በተለዩ የሥራ ዓይነቶች ሦስት ወር መሥራት አለበት፤ ልጆቹ «88 ቀን» የሚሉት እሱን ነው። የእንጆሪው ለቀማ ጨዋታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ግን እርሻ ብቻ አይደለም። ከጁን 2021 ወዲህ በሰሜንና ሩቅ በሆኑ አካባቢዎች የሆቴልና የሬስቶራንት ሥራም ይቆጠራል።

ከሁለቱ ልጆቻችን አንዷ መጀመሪያ እርሻ ነበር የገባችው። ቀጣሪው በሳጥን ነው የምከፍለው ብሎ ቀኑን ሙሉ ሠርታ የምታገኘው በሰዓት ሲካፈል አሥር ዶላር አይሞላም። በዚያ ላይ ለመኝታ ይቆርጥባታል። ያዳናት ሕጉን ማወቋ ነው። ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ በሳጥንም ይሁን በኪሎ የሚከፈለው የአትክልትና የፍራፍሬ ለቃሚ በሰዓት ከተወሰነው በታች ማግኘት የለበትም። የሠራችበትን ሰዓት በየቀኑ ስልኳ ላይ ስትመዘግብ ስለነበር «ፌር ወርክ ኦምቡድስማን» ለሚባለው የመንግሥት ቢሮ አመለከተች፤ ቢሮው የሥራ መብት የሚያስከብር ነው። ከዚያም እርሻውን ጥላ ወደ ዳርዊን ሄደችና አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባች። ቀኖቿን የሞላችው እዚያ ነው። ስትመለስ ቢላዋ አያያዟ እንኳ ተለውጦ ነበር!

ስለዚህ ለልጆቹ የምለው ይኼን ነው፦ ደመወዝ በተከፈላችሁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ የክፍያ ወረቀት ሊሰጣችሁ ይገባል። ወረቀት የማይሰጥ አሠሪ ቀናችሁንም አይመሰክርላችሁም። ፓስፖርታችሁን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ለሚል ሰው አትስጡ፤ ቤሩትና ጅዳ ያሉ እህቶቻችን ምን እንደደረሰባቸው እናቶቻችሁ ይነግሯችኋል። እንደደረሳችሁ የታክስ ቁጥር አውጡ። እስከ 45,000 ዶላር ድረስ የሚቆረጠው 15 በመቶ ነው፣ ከመጀመሪያዋ ዶላር ጀምሮ። አሠሪው የጡረታ ገንዘብም ያስገባላችኋል፤ አገሩን ለቅቃችሁ ስትወጡ ልታወጡት ትችላላችሁ፣ ነገር ግን 65 በመቶው በታክስ ይሄዳል፤ በእሱ ዕቅድ አታውጡ። የአሜሪካ ዜጎች ደግሞ የትም ብትሠሩ እዚህም ታክስ ማስታወቅ አለባችሁ። የትምህርት ብድሩም አብሯችሁ ባሕር ይሻገራል፣ በየወሩ ማን እንደሚከፍል ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ «አይሆንም» የምትሉበትን ጉልበት ኢንሹራንስ ላይ አውሉት። እንግሊዝ፣ ስዊድን፣ ኖርዌይ፣ ሆላንድና ጣሊያን ከአውስትራሊያ ጋር የሕክምና ስምምነት አላቸው። አሜሪካ የላትም። በእናንተ ኢንሹራንስ ውስጥ እስከ 26 ዓመቱ የሚቆይ ልጅም ቢሆን ካርዱ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር አይሠራም። ያለ ኢንሹራንስ እግር ቢሰበር የሚመጣውን ሒሳብ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት። ስለዚህ የዓመት ኢንሹራንስ ገዝቶ፣ የመመለሻ ቲኬት የሚሆን ገንዘብ ማንም በማይነካው ሒሳብ አስቀምጦ ካሳያችሁ እኔ በበኩሌ መርቁት እላለሁ። እነዚህን ሁለቱን ካላሟላ ደግሞ «አሟላና እንነጋገር» በሉት። ይሄ ክልከላ አይደለም።

ያቺ እናት «ሄዳ ብትቀርስ?» ብላኛለች። ልትቀር ትችላለች፤ እዚያ ሰው ልታገኝ፣ ሌላ ቪዛ ልታመለክት ትችላለች። ግን ይሄ ነገር ቦስተን ብትሄድም ያለ ነው። ይቺኛዋ ልጅ የምትሄደው እናቷ ያልነበራትን ፓስፖርት ይዛ፣ የፈለገች ቀን መመለስ እየቻለች ነው። ይህን ስነግራት ዝም አለችና «ቲኬቷን እኔ ነኝ የምገዛው ግን» አለች።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሻንጣ። እናንተን አውቃችኋለሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ድርቆሽ ትሞሉበታላችሁ። አውስትራሊያ እንደ ሌላ አገር አይደለም። ማንኛውም ምግብ ሲገባ በሚሞላው ካርድ ላይ መጻፍ አለበት። ተጽፎ ከታየ መርማሪው ያሳልፋል ወይም ያስቀራል፣ በዚያው ያልቃል። ሳይጻፍ ከተገኘ ግን ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ቪዛ እስከ መሰረዝም ሊደርስ ይችላል። ቅቤውንስ ጭራሽ ተዉት። ሜልቦርን ፉትስክሬይ የሚባል ሰፈር አለ፣ የእኛ ሰዎች ሬስቶራንትና ሱቅ የሞላበት። በርበሬውንም እንጀራውንም እዚያ ታገኛለች።