የግራናን ዝናብ ማን ይለካው?

የመንደሩ ሰው ይለካ

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ያለው ግራና ቆላ ነው፤ ጎርፉ ግን ከደጋ ይመጣል። በወረዳው ከተማ በመርሳ ላይ ፀሐይ ሳለች ከበላይ ካለው ጋራ የጣለው ዶፍ ወንዙን ሞልቶ ይወርዳል። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ሀብሩ ውስጥ ቢሆንም፣ አንድ ጣቢያ የራሱን ሰማይ እንጂ የማዶውን ጋራ አይመሰክርም፤ የነጎድጓድ ዝናብ አንዱን ማሳ አረስርሶ ሌላውን በደረቁ ያልፋል። ሳተላይቱም ከደመናው አናት ተነሥቶ ይገምታል እንጂ ጠብታውን አይሰፍርም። ስለዚህ ከደጋ እስከ ቆላ በየቀበሌው የዝናብ መለኪያ ይተከል እላለሁ። ዕቃው ቀላል ነው፦ አፉ ክብ ማጠራቀሚያና መስመር ያለው ብልቃጥ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዓይንን ከውሃው ትክክል አድርጎ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መድፋት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ውሃ እንደሆነ ያወቀ ገበሬ የበልጉን ዝናብ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይመዝናል። ገበሬ የመዘገበው ይታመናል ወይ ለሚሉኝ የአዊ ዞኑን ዳንግላ ወረዳ እጠቅሳለሁ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የወረዳው ነዋሪዎች ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውሃ ለክተዋል፤ ተመራማሪዎች መዝገባቸውን ከመደበኛው ጣቢያ ጋር ሲያስተያዩት ጥራቱ የሚያንስ ሆኖ አላገኙትም።

ማንቂያው ይቅደም

ባልደረባዬ ስለ ዳንግላ ያሉት እውነት ነው። እዚያ የተለካው ግን የውሃ ሀብትን ለማወቅ ነበር፤ ለዚያ በቀን አንዴ የሚነበብ ብልቃጥ ይበቃል። ደራሽ ጎርፍ የማግስቱን ንባብ አይጠብቅም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጣለው ዶፍ ጠዋት ሲመዘገብ ከብቱም ሽንኩርቱም ተወስዷል። በራሱ መልእክት የሚልክ ሰንሰር ይተከል ከተባለም ባትሪና ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ውስጡ ያለችው እየሞላች የምትገለበጥ ማንኪያ ውሃ የሚደርሳት በጠባብ ቀዳዳ ነው፣ ያንን አቧራና የወፍ ኩስ ይደፍነዋል። የተደፈነ መለኪያ ዝም አይልም፤ ዜሮ ይልካል፣ ዜሮውም ድርቅ ይመስላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ቁጥር ያጣ ይጠነቀቃል፣ ሐሰተኛ ቁጥር የያዘ ግን ተማምኖ ይተኛል። ገንዘቡ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ጣቢያዎች ለመጠገን፣ ከዚያም ጎርፉ ሳይወርድ ከደጋው ወደ ቆላው የሚደውል ሰው ለመመደብ ይዋል።

መልስ

የሚደውለው ሰው ምን ብሎ ይደውላል? «ከበደ» ቢል፣ ግራና ያለው አድማጭ ከብቱን ከወንዙ ያውጣ ወይስ ይተው? ዶፉ ገና እየጣለ ብልቃጡን አይቶ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሞላ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፤ ስልኩና ብልቃጡ በአንድ እጅ ይሁኑ። ያ የሚያስፈራዎት ዜሮም ቢሆን፣ ሐሰትነቱ የሚጠረጠረው ማዶ ያለው ጎረቤት በዚያው ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ሲመዘግብ ነው። ብቻውን የቆመ ጣቢያ ቢዋሽ ማን ያርመዋል?