“ማሽኑ ሰጠኝ”፦ ባለቤቱ ያልታየ ገንዘብና “አትስረቅ” የሚለው ትእዛዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ወሬው በሌሊት በስልክ ተዛመተ፤ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ባሉ የገንዘብ ማሽኖች ፊት ብዙ ወጣቶች ተሰለፉ። ጉዳዩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ የሚመለከት እንደነበረ ባንኩ አስታውቋል። በፈቃዳቸው የመለሱ እንደማይከሰሱ ገልጾ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አድርጓል። አብዛኛው ገንዘብ ቢመለስም፣ ነገሩ ለእኛ ለምእመናን የተወው ጥያቄ ግን ገና አልተዘጋም።

በዚያች ሌሊት በር የሰበረ፣ ሰው ያስፈራራ አልነበረም። ስለዚህም ብዙዎች “ማሽኑ ሰጠኝ፤ ስሕተቱ የባንኩ ነው” ብለው ኅሊናቸውን አሳረፉ። በሙሴ ሕግ ግን የወንድሙን የጠፋ በሬ ያገኘ ሰው ባለቤቱ እስኪመጣ ጠብቆ እንዲመልስ ታዝዟል (ዘዳ. 22፥1-3)። ሳይፈልጉ ያገኙትን ማስቀረት ካልተፈቀደ፣ የእኛ አለመሆኑን እያወቅን ተሰልፈን የወሰድነውን ምን ልንለው ነው? የባንኩ ስሕተት ባንኩን ያስጠይቀዋል፤ የእኛን እጅ ግን አያነጻም።

የነገሩ ሥር ባለቤቱ አለመታየቱ ነው። የጎረቤታችንን ከረጢት የማንነካ ሰዎች “የመንግሥት”፣ “የድርጅት” ሲባል እጃችን ይፈታል። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ብሂል የተወለደው ከዚህ ነው። ነገር ግን በባንክ ያለው ገንዘብ የመበለቷ ተቀማጭ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የነጋዴው መንቀሳቀሻ ነው። ወተት ላይ ውኃ የሚጨምር፣ ሚዛን የሚያጎድል፣ ሳይሠራ ደመወዝ የሚቀበል፣ ለፊርማው እጅ መንሻ የሚጠብቅ ሁሉ ከዚያው ሰልፍ ላይ ቆሟል። በሥልጣን ጥላ ሥር ብዙ የሚወስዱ ሰዎች ፎቶግራፍ ሳይለጠፍ የተማሪው መለጠፉ ያሳዝናል፤ ቢሆንም የትልቁ ስርቆት ትንሹን አያጸድቀውም።

ጾሙስ ምን ይሁን? ከእህል ተከልክሎ የሌላውን ገንዘብ በኪስ ይዞ መስገድ ጾምን ፍሬ ያሳጣል። ዘኬዎስ ጌታችንን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ በማዘን ብቻ አልተወሰነም፤ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሊሰጥ፣ የበደለውንም አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)። በስርቆት ንስሐ የሚፈጸመው በመመለስ ነው። ከተሰረቀው ላይ ቆንጥሮ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ መጨመርም ምትክ አይሆንም፤ ምጽዋት ከራስ ይሰጣል፣ የሰው ገንዘብ ግን ለባለቤቱ ይመለሳል።

ወስዶ ያጠፋው ወንድማችን ወይም እኅታችን ተስፋ ሊቆርጡ አይገባም። ለንስሐ አባት ተናግሮ፣ አቅም በፈቀደ መጠን ጥቂት በጥቂት መክፈል ይቻላል። ቅዱስ ጳውሎስም የሰረቀው ሰው ስርቆቱን ትቶ በእጁ እንዲሠራ፣ ለተቸገረውም የሚያካፍለው እንዲኖረው መክሯል (ኤፌ. 4፥28)። የሚቀማ እጅ የሚሰጥ እጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እኛም ዛሬ ማታ ከጸሎት በፊት አንድ ነገር እንመርምር፦ በቤታችን የማን ንብረት አለ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።