ንጉሥ በማይከሰስበት ስታዲዮም

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. በፌብሩዋሪ ወር (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጠራለሁ) የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የማጥቃት አሠልጣኝ ጋር የነበረውን የሥራ ውል አሻሽሎ፣ ደመወዙን ከ900,000 ወደ 850,000 ዶላር ካወረደ በኋላ፣ ሰውየው በሥራው ሊቀጥል የሚችለው ቡድኑ በሚመጣው የውድድር ዘመን ቢያንስ 7 ጊዜ ያሸነፈና በየጨዋታው በአማካይ 25 ነጥብ ያገባ እንደ ሆነ ብቻ መሆኑን በጽሑፍ አሰፈረ። አሠልጣኙ ብራያን ፈረንትዝ የዋናው አሠልጣኝ የከርክ ፈረንትዝ ልጅ ነው። ነገሩ በአደባባይ በታወቀ ጊዜ ደጋፊው በአንድ አፍ ሳቀም ተቈጣም፤ የሳቀው አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሰውን ችሎታ እንደ እህል በቍና ሰፍሮ ለመረከብ መነሣቱ ስላስገረመው ሲሆን፣ የተቈጣው ደግሞ ለዓመታት ሲያሰማው የኖረው አቤቱታ መልስ ያገኘው በስንብት ሳይሆን በሒሳብ በመሆኑ ነበር።

ሒሳቡም ራሱ እንግዳ ነበር። ውሉ ነጥቡን ማን እንዳገባው ስለማይለይ፣ ከተከላካዮቹ አንዱ ከባላጋራው ኳስ ነጥቆ ቢያስቈጥር ያም ለማጥቃቱ አሠልጣኝ ይቈጠርለታል። 25 በ13 ጨዋታ ሲባዛ 325 ይሆናልና፣ የአዮዋ ሰው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከ325 ላይ እየቀነሰ፣ ቡድኑ ባሸነፈበት ማታ እንኳ ስንት እንደ ቀረ የሚጠይቅ ሒሳብ ሹም ሆኖ ሰነበተ። እኔ ይህን ዘመንና ከእርሱ በኋላ የመጣውን አዲስ ሹመት የማነሣው አንድ ነገር ለመሟገት ነው፤ ይኸውም ደጋፊ አዲስ የማጥቃት አሠልጣኝ ሲሾም የሚያሰማው እልልታም ሆነ ማጕረምረም፣ አብዛኛውን ጊዜ በተሿሚው ላይ የተሰጠ ፍርድ ሳይሆን፣ በሿሚው ላይ ሊሰጥ ተፈልጎ አንደበት ያጣ ፍርድ ነው።

ፉትቦል ሲባል በእግር የሚመታውን ኳስ ብቻ ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በአሜሪካኖቹ ጨዋታ የሚያጠቁት 11 ሰዎችና የሚከላከሉት 11 ሰዎች የተለያዩ ናቸው፤ ለየራሳቸውም አሠልጣኝ አላቸው። አጥቂው ወገን 10 ያርድ ለመራመድ 4 ዕድል ይሰጠዋል፤ በ3ቱ ካልተሳካለት ግን በ4ኛው ኳሱን በእግሩ አርቆ ለባላጋራው መለገስ የተለመደ ሲሆን፣ ይህን ፓንት ይሉታል። እያንዳንዱን እንቅስቃሴ መርጦ የሚያዝዘው የማጥቃቱ አሠልጣኝ ነው፤ ለምርጫውም ያለው ጊዜ ከ40 ሰኮንድ አይበልጥም። እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉት ሹማምንት መካከል ውሳኔው በየ40 ሰኮንዱ በ69,000 ሕዝብ ፊት ተመርምሮ ወዲያው ብይን የሚሰጥበት ሹም ከዚህ ሰው ሌላ ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ። ዋናው አሠልጣኝ ግን የሚፈረድባቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ባሸነፉት ቍጥር ነው።

በ2022 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 3 ቀን በአዮዋ ቡድን ሜዳ በኪኒክ ስታዲዮም የሆነውን ላንሣ። አዮዋ ከታችኛው ምድብ ከመጣው ከሳውዝ ዳኮታ ስቴት ጋር ገጥሞ 7 ለ 3 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ ሕግ 7 ነጥብ ሲባል ማንም የሚገምተው ኳሱን ወደ ባላጋራው የመጨረሻ ክልል በማስገባት 6 ነጥብ የሚያስገኘውን ተችዳውንና ከእርሱ ቀጥላ የምትመታውን የ1 ነጥብ ኳስ ነው። በዚያ ቀን ግን ተችዳውን የሚባል ነገር አልነበረም። አጥቂዎቹ በእግር ተመትቶ በግቡ ምሰሶዎች መካከል ባለፈ አንድ ፊልድ ጎል 3 ነጥብ አመጡ፤ ተከላካዮቹ ደግሞ ባላጋራቸውን በገዛ የመጨረሻ ክልሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጥለው፣ ሴፍቲ በሚባለው ሕግ ሁለት ሁለት እያሉ 4 አገቡ። ተከላካዩ ከአጥቂው በ1 ነጥብ በልጦ አደረ ማለት ነው። (በዚያ ቀን በተቃራኒው ወገን ኳርተርባክ የሚባለው ዋና ኳስ ወርዋሪ የነበረው ማርክ ግሮናውስኪ በ2025 ዓ.ም. ወደዚሁ ወደ አዮዋ ተዛውሮ መሰለፉ፣ የዕድልን ቀልደኛነት ለሚወድ ሰው የሚጣፍጥ ነገር ነው።) የዚያ ዓመት አማካይ 17.7 ነጥብ ሆኖ ተዘጋ።

የ2023ቱ ደግሞ ከዚያ ባሰ። አጥቂው ክፍል በሄደው ያርድ ከአገሪቱ ከፍተኛ ምድብ ቡድኖች ሁሉ መጨረሻ ሆነ፤ አማካዩም 15.4 ነጥብ ነበር። ቡድኑ ግን 10 ጊዜ አሸነፈ። የመከላከሉ አሠልጣኝ ፊል ፓርከር ለረዳት አሠልጣኞች የሚሰጠውን የብሮይልስ ሽልማት ተቀበለ፤ አውስትራሊያዊው ቶሪ ቴይለርም ኳስ ወደ ባላጋራ በመለገስ ብቻ በአንድ ዘመን 4,479 ያርድ መትቶ፣ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ያልደረሰበትን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሕዝቡም ፓንት ማድረግ ማሸነፍ ነው የሚል ካናቴራ ለብሶ ስታዲዮም ይገባ ነበር። በዚያ ካናቴራ ላይ ፌዝና ፍቅር እንዲህ ተሰፍተው መገኘታቸውን ልብ ያላለ ሰው የአዮዋን ደጋፊ አያውቀውም፤ ድካሙን ራሱ ወግ አድርጎ የያዘ ሕዝብ ነውና።

ታዲያ ድል ካልጐደለ ቍጣው ከየት መጣ? ደጋፊ ከድል በላይ ውበትን ይሻል የሚሉ አሉ፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የዋናው አሠልጣኝ ሥርዓት ራሱ በትዕግሥት ላይ የቆመ ነው፤ አለመሳሳት፣ ኳሱን አርቆ መምታት፣ ባላጋራው እስኪሳሳት መጠበቅ፣ በመጨረሻም በጥቂት ነጥብ መብለጥ። ይህ ሃይማኖት በብዙ ዘመን ፍሬ ስላፈራ መናፍቅ እንዳይነሣበት ሆኖ ተጠብቋል። ልጁ በየቅዳሜው የሚፈጽመው ታዲያ የአባቱን ቀኖና ነበር፤ ክፉ አፈጻጸም ቢሆንም ቀኖናው የራሱ አልነበረም።

አባትየውን መክሰስ ደግሞ ቀላል አይደለም። ከርክ ፈረንትዝ በ1999 ዓ.ም. ሃይደን ፍራይን ተክተው ሲመጡ የመጀመሪያ ዘመናቸው 1 ድልና 10 ሽንፈት ነበር፤ ሕዝቡ ታገሣቸው፤ በ2002 ዓ.ም. ቡድናቸው በሚወዳደርበት በቢግ ቴን ማኅበር ውስጥ ሳይሸነፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የተወለደ ሕፃን አድጎ፣ ተምሮ፣ አግብቶ ወልዶ ሳለ አሠልጣኙ ያው ናቸው። አዮዋ በትልልቆቹ የሙያተኛ ማኅበራት ውስጥ አንድም ቡድን የሌለው ግዛት ስለሆነ፣ የቅዳሜ ጨዋታ እዚያ ከጨዋታነት አልፎ እንደ ንግሥ በዓል የሚቈጠር ነው። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ሩብ ጨዋታ ሲያልቅ በስታዲዮሙ ያለው ሰው ሁሉ፣ የባላጋራው ደጋፊ ሳይቀር፣ በአጠገቡ ወዳለው የሕፃናት ሆስፒታል ዞሮ በመስኮት ለሚያዩት ሕሙማን ልጆች እጁን ያውለበልባል። እንዲህ ያለ ፍቅር የተሸመነበትን ቤት አለቃ በአደባባይ ማዋረድ ራስን ማዋረድ ይሆናል። የገንዘቡም ነገር አለ፤ በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ የአባትየው ውል በዓመት 7 ሚሊዮን ዶላር ሒሳብ እስከ 2029 ዓ.ም. ተራዝሟል። ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

ስለዚህ ድሉ ለአባት፣ ድካሙ ለልጅ ሆኖ ተከፈለ። በኦሪት ዘሌዋውያን የሕዝቡ ኃጢአት ተናዞባት ወደ ምድረ በዳ የምትሰደደው ፍየል ራሷ በደል የለባትም፤ ብራያን ግን እንዲያ ያለ ንጹሕ አልነበረም፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራው በእጁ ነበርና፣ የኋለኛዎቹ ዓመታት ቍጥር ማንኛውንም ሌላ ሰው የሚያሰናብት ነበር። ደጋፊውን ያስቈጣው ይኸው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የሚለው ሐሳብ ነው። የዩኒቨርሲቲው ደንብ ዘመድ ዘመዱን እንዳይሾምና እንዳያዝዝ ስለሚከለክል፣ በወረቀት ላይ የብራያን አለቃ አባቱ ሳይሆኑ የስፖርት ዲሬክተሩ ነበሩ። ሕጉ የታሰበው ለፍትሕ ሲሆን ያስገኘው ግን ያልታሰበ ፍሬ ነው፤ አባትየው ስለ ልጃቸው ከመጠየቅ ነፃ ወጡ፤ ደጋፊውም አባትየውን ሳይነካ ልጁን የሚከስበት የሕግ በር አገኘ።

በሩም በ2023 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ተከፈተ። በ21ኛው ቀን አዮዋ በገዛ ሜዳው በሚኒሶታ 12 ለ 10 ተሸነፈ። በጨዋታው መጨረሻ ላይ ኩፐር ዲጂን የተለገሰውን ኳስ ይዞ 54 ያርድ ሮጦ አስቈጥሮ ስታዲዮሙ በእልልታ ሲናጥ፣ ዳኞቹ ኳሱን ከመያዙ በፊት ግራ እጁን ማወዛወዙ ኳሱን ይዤ አልሮጥም እንደሚል ምልክት ይቈጠራል ብለው ነጥቡን ሻሩት። ስለዚያ እጅ የተጻፈው ሁሉ ቢሰበሰብ መጽሐፍ ይወጣዋል። አስተዋይ ደጋፊ ግን የጠየቀው ሌላ ነው፤ አጥቂው ክፍል አንድ ጊዜ እንኳ በሥርዓት ቢራመድ ኖሮ ስለ ዳኛ ማን ይከራከር ነበር? ከዚያ ጨዋታ በኋላ በዘጠነኛው ቀን ጊዜያዊቷ የስፖርት ዲሬክተር ቤዝ ጌትስ ብራያን ከዚያ ዘመን በኋላ እንደማይቀጥል አስታወቁ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ የቀሩትን 4 መደበኛ ጨዋታዎች አሸነፈ፤ በማኅበሩ ፍጻሜ በሚሺጋን 26 ለ 0፣ በተከታዩ ጃንዋሪ 1 ቀን በዘመኑ መዝጊያ ጨዋታ በቴኔሲ 35 ለ 0 ተረታ።

ስንብቱ ከታወቀ ጀምሮ ሦስት ወር ከተጠበቀ በኋላ በብራያን ቦታ የተሾመው ቲም ሌስተር ነው። ይህ ሰው በተማሪነቱ የዌስተርን ሚሺጋን ኳርተርባክ፣ ኋላም ከ2017 እስከ 2022 ዓ.ም. የዚያው ቡድን ዋና አሠልጣኝ ሆኖ 37 አሸንፎ 32 ተሸንፎ የተሰናበተ፣ ከዚያም በሙያተኞቹ ቡድን በግሪን ቤይ ፓከርስ ቤት አንድ ዓመት በተንታኝነት የሠራ ነው። ደጋፊው በእልልታ አልተቀበለውም። አንዳንዱ የቀድሞ መዝገቡን አገላብጦ ሌላ ቡድን ያልተሻማበትን ሰው እኛ ለምን አለ፤ አንዳንዱም የፈረንትዝ ስም እስካልያዘ ድረስ ማንም ይምጣ ብሎ ተቀበለ። እነዚህን ሁለቱን በዚሁ እተዋቸዋለሁ።

ከሁሉ የበዛውና ልብ ሊባል የሚገባው ጥርጣሬ ግን ስለ ሌስተር ዕውቀት የተነሣ አልነበረም። ምን ያውቃል ሳይሆን ምን ይፈቀድለታል የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ አዲሱ ሰው የተጠየቀ ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን ፈቃጁ ነው። ልጁ በወንበሩ ላይ በነበረ ጊዜ ይህን መጠየቅ አላስፈለገም፤ ለድካሙ ሁሉ ስም ተገኝቶለት ነበርና። ወንበሩ ባዶ ሆኖ ባዕድ ሲቀመጥበት ግን ሕዝቡ 7 ዓመት ሲሸሸው ከነበረው ነገር ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ፤ ይህኛውም ካልተሳካለት ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? ለሌስተር የታየው ቀዝቃዛ አቀባበል የመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው እላለሁ። ብዙ የስፖርት ጸሐፊዎች ይህን ቅዝቃዜ የደጋፊ አመስጋኝነት ማጣት አድርገው ማየት ይቀናቸዋል። እኔ ግን ከቍጣው ዘመን ይልቅ በዚህ የጥርጣሬ ወር ደጋፊው ወደ እውነቱ ቀርቦ እንደ ነበር አምናለሁ።

የሌስተር የመጀመሪያ ጨዋታ ለቀልደኛ የተመቸ ሆነ። ዋናው አሠልጣኝ በተጫዋች ምልመላ ደንብ ጥሰት ምክንያት ዩኒቨርሲቲው የአንድ ጨዋታ ቅጣት ስለ ጣለባቸው፣ በ2024 ዓ.ም. ኦገስት መጨረሻ ቡድኑ ኢሊኖይ ስቴትን ሲገጥም በሜዳው አልነበሩም። እስከ ዕረፍት 6 ለ 0፣ ሲያልቅ 40 ለ 0። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት ተጫዋቾችን ከወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ ተከላካዩን ማደናገር የአዲሱ ሰው መለያ ነበርና፣ እንቅስቃሴው ከወንበሩ ላይ ለተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይታይ ነበር። አባትየው በሌሉበት 40 ነጥብ መግባቱን ማንም ጨዋ ሰው ምስክር አድርጎ አይጠቅሰውም፤ ነገር ግን ማንም አልረሳውም።

ዘመኑ 8 ድልና 5 ሽንፈት ሆኖ ሲዘጋ አማካዩ 27.7 ነጥብ ደረሰ፤ ያ የ2023ቱ ውል ለሌስተር ተጽፎለት ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ቃል በፈጸመ ነበር። ወዲያውም ሌስተር አዳነን የሚል ምስጋና ተሰማ። ይህን ምስጋና ከቀድሞው ውግዘት ለይቼ አላየውም፤ አሁንም ሁሉ ነገር በረዳቱ ራስ ላይ ተከመረ። ዝርዝሩን ያየ ሰው የሚያገኘው ሌላ ነው። ካሌብ ጆንሰን የተባለው ሯጭ ለብቻው 1,537 ያርድ ሮጦ 21 ተችዳውን አገባ፤ ኳስ በመወርወር ግን አዮዋ ከአገሪቱ ደካሞች ተርታ እንደ ቀረ ነው፤ ማክናማራ፣ ሱሊቫንና ስትራተን የተባሉት ኳርተርባኮች በየተራ እየገቡ ዘመኑ አለቀ። የመሮጡ ትዕግሥት፣ የመወርወሩ ፍርሃት፣ የተከላካዩ ጽናት፤ ቀኖናው ያው ነው፤ የተሻለ አስተማሪ ተገኘለት እንጂ።

ከኔብራስካ ጋር በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ የሚደረገውን ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንመልከት። በ2023 ዓ.ም. ብራያን ስንብቱን ተቀብሎ ሳለ ማርሻል ሚደር በመጨረሻዋ ቅጽበት በመታው ኳስ አዮዋ 13 ለ 10 አሸነፈ። በ2024 ዓ.ም. ሌስተር እየተመሰገነ ሳለ ድሩ ስቲቨንስ በመጨረሻዋ ቅጽበት ከ53 ያርድ በመታው ኳስ አዮዋ 13 ለ 10 አሸነፈ። የመጀመሪያውን ደጋፊው በማጥቃቱ አሠልጣኝ ደካማነት ላይ የተገኘ ድል አለው፤ ሁለተኛውን ደግሞ ቡድኑ የማይበገር ልብ እንዳለው ማስረጃ አደረገው። በሁለቱም ቀን በሜዳው ጠርዝ ቆመው ፓንቱንም ፊልድ ጎሉንም ያዘዙት ግን እኒያው ሽማግሌ ነበሩ።