ቶርኖ ወይስ አዲስ ዲስክ? የፍሬን ሒሳብ በብር ብቻ አይወራረድም

የጭነት መኪና ባለንብረት ፍሬኑ መንጫጨት፣ ፔዳሉም እግር ሥር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው ዲስኩን ቶርኖ አስገብቶ ፊቱን ማስላግ ነው። ሁለተኛው አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው። የመጀመሪያው ርካሽ፣ ሁለተኛው ውድ እንደሆነ ማንም ያውቃል። በመሆኑም አብዛኛው ባለንብረት ወደ ቶርኖው ያዘነብላል። ይህ ዝንባሌ አንዳንዴ ትክክል ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሁለቱ ውዱ እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄው ይበልጥ የሚመለከተው የፊት ፍሬናቸው ዲስክ የሆኑትን ፒክአፖችና ቀላል የጭነት መኪኖች፣ እንዲሁም ሁሉም ጎማዎቻቸው ዲስክ የሆኑትን አዳዲስ የአውሮፓ ከባድ መኪኖች ነው። የቆዩት ከባድ መኪኖች በአብዛኛው ባለ ታምቡር ስለሆኑ የራሳቸው ሒሳብ አላቸው።

የምንዛሪው ጫና

ቶርኖው የሚከፈለው በብር ነው፤ ጉልበቱም ሙያውም የአገር ውስጥ ነው። ዲስኩ ግን ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው በዶላር ይታሰባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል በባንክ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሊገዛ የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት የምጣኔ ሀብት ትምህርት አላስፈለገውም። የቶርኖ ዋጋም መጨመሩ ባይቀርም ከውጭ ዕቃ እኩል አይሮጥም። ስለዚህ ባለንብረቱ ወደ ቶርኖ ቤት ማማተሩ ስስት ሳይሆን ለዋጋ የሚሰጥ ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው።

ይሁንና ምንዛሪው ሲለወጥ የማይለወጥ አንድ ቁጥር አለ። እያንዳንዱ ዲስክ ከዚህ በታች ሊሳሳ አይገባም የሚል የውፍረት ወለል አለው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ ባለ 22.5 ኢንች ቸርኬ የአውሮፓ ከባድ መኪኖች ላይ በብዛት የሚታየው ዲስክ አዲስ ሲሆን 45 ሚሊ ሜትር፣ የሚጣልበት ወለል ደግሞ 37 ሚሊ ሜትር ነው። የፒክአፕ ዲስክ ከዚህ እጅግ የሳሳ ስለሆነ በአዲሱና በወለሉ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለንብረቱ ቶርኖ በገባ ቁጥር የሚመነዝረው ይህችኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ወለሉ ያለ ምክንያት አልተቀመጠም። ፍሬን የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ወደ አየር የሚያስወጣው ደግሞ የዲስኩ ብረት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 88 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሊያሞቅ ይችላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከያዘ ከፊሉን ሞተሩ ይሸከማል፤ በፍሬን ብቻ ከወረደ ግን አብዛኛው ዲስኩና ሸራው ላይ ያርፋል። ብረቱ በሳሳ መጠን ለተመሳሳይ ሙቀት የበለጠ ይግላል። ሸራው ይደክማል፣ የፍሬን ዘይቱም እስከ መፍላት ሊደርስ ይችላል። ፔዳሉ እስከ ታች ወርዶ መኪናው አልቆም ሲል ሰዉ «ፍሬን እምቢ አለው» ይላል። እምቢታው የተጀመረው ግን ምናልባት ከወራት በፊት ቶርኖ ቤት ነው።

የፊት ዲስክ ባብዛኛው መሃሉ አየር ማስገቢያ ክፍተት ያለው መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ውስጥ ባዶ ቦታም ስላለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ሲላግ የሚጠፋው ብረት ከሚመስለው በላይ ነው።

ወጪው በኪሎ ሜትር ሲሰላ

ለማስላት ያህል፣ የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ፣ እነዚህን ቁጥሮች እንውሰድ። ጥንድ ዲስክ ለማስላግ 2,000 ብር፣ ጥንድ አዲስ ለመግዛት 14,000 ብር ይፈጃል። ጎማ ተፈቶ በተሠራ ቁጥር የጋራዥ ክፍያና መኪናው ቆሞ የሚያጣው የቀን ገቢ በድምሩ 6,000 ብር ይሆናል። የሸራ ወጪ በሁለቱም በኩል ስላለ ከሒሳቡ ይውጣ። እንግዲህ ቶርኖው 8,000፣ አዲሱ 20,000 ብር ፈጀ ማለት ነው።

አዲሱ ዲስክ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል በኪሎ ሜትር 33 ሳንቲም ይሆናል። የተላገው 20,000 ብቻ ቢሄድ 40 ሳንቲም ይደርሳል፤ ርካሹ ውድ ሆነ። 40,000 ቢሄድ ግን 20 ሳንቲም ብቻ ነው። የሚዛኑ ነጥብ 24,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። አዲሱ ጥንድ 24,000 ብር ቢገባ ነጥቡ ወደ 16,000 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ምንዛሪ ቶርኖን የሚያዋጣው በዚህ መንገድ ነው።

ወሳኙ እንግዲህ ከላገ በኋላ የሚቀረው ዕድሜ ነው። አዲስ ሲሆን 25፣ ወለሉ 23 ሚሊ ሜትር የሆነ ዲስክ ሲለካ 24.6 ቢገኝና ጭረቱን ለማጥፋት ከየፊቱ 0.3 ቢላግ 24.0 ይቀራል። ግማሽ ዕድሜው ገና አለ፤ ይላግ። ያው ዲስክ 23.8 ቢለካ ግን ከቶርኖ የሚወጣው 23.2 ሆኖ ነው። ከወለሉ በላይ የቀረው 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ባለንብረቱ ከፍሎ ያስላገው ሊጣል የተቃረበ ብረት ነው።

ቶርኖ የማያድነው በሽታ

ፊቱ የተሰነጠቀ ዲስክ በቶርኖ አይድንም፤ ይጣላል። ከመጋሉ የተነሳ ሰማያዊ ነጠብጣብ የያዘም ቢላግ ብዙ ተስፋ የለውም፤ የጠነከረው ብረት ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ እብጠቱ ተመልሶ ይወጣል። በሌላ በኩል መንቀጥቀጡ ሁሉ የዲስኩ ጥፋት አይደለም። ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ዝገት ከያዘ ወይም የጎማው ዳዶዎች እኩል ካልጠበቁ ዲስኩ እየተወላገደ ይዞራል፤ ውፍረቱም ቀስ በቀስ ይዛባል። ሞዞው ሳይጸዳ ዲስኩን ማስላግም ሆነ መቀየር ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ማስታገስ ብቻ ነው። አንዱን ዲስክ አስልጎ ሌላውን መተውም መኪናውን ወደ አንድ ወገን ያስጎትታል፤ የአንድ አክስል ሁለቱ ዲስኮች አብረው መታየት አለባቸው።

«አዲስ ሁሉ ደህና ነው» የሚለው አባባልም አያስተማምንም። ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ አዲስ ዲስክ ከመግዛት፣ ውፍረቱ ያልተነካ ዋናውን ዲስክ ማስላግ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ማን ምን ይመክራል?

የቶርኖ ባለሙያው የሚያገኘው ሲልግ፣ መለዋወጫ ነጋዴው የሚያገኘው ሲሸጥ ነው። ባለንብረቱ የሚያየው የዛሬውን ወጪ ሲሆን፣ ቁልቁለቱን የሚወርደው ሾፌሩ ነው። መንገድ ዳር የቆመው እግረኛ ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። ወጪን የሚቆጥበውና አደጋን የሚሸከመው ሰው ሲለያዩ ገበያ ብቻውን ትክክለኛውን ውሳኔ አያመጣም። በመካከላቸው ሊዳኝ የሚችለው ማይክሮሜትሩ ነው።

ስለሆነም ጋራዦች ዲስኩ ከመላጉ በፊትና በኋላ ያለውን ውፍረት ከነወለሉ ደረሰኝ ላይ ሊጽፉ ይገባል። ሦስት ቁጥሮችን መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ቢሆን ሊያስብበት ይገባል፤ የፍሬን መፈተሻው ማሽን የሚለካው በዚያች ቅጽበት ያለውን የመያዝ ኃይል እንጂ የዲስኩን ውፍረት አይደለም። የሳሳ ዲስክ በቀዝቃዛው ፈተናውን አልፎ ቁልቁለት ላይ ሊወድቅ ይችላል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ አበው። ባለንብረቱ ስለ ዋጋው ከመከራከሩ በፊት «ስንት ሚሊ ሜትር ቀርቶታል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከወለሉ በቂ ርቀት ካለው ቶርኖው ያዋጣዋል፤ ከተጠጋ ደግሞ ዲስኩን ይግዛ።